የባዮሎጂ ዲግሪ በማን ዕዳ? የአንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተሰብ ውሳኔ

ቤተሰቡ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባት ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይነዳል። እናት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት ነች። ታክስ ላይ ያስመዘገቡት የሁለቱ ገቢ በዓመት 84,000 ዶላር ገደማ ነው። ከሦስት ልጆቻቸው ትልቋ በ2025 ጸደይ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ተቃርባ ነበር። ባዮሎጂ አጥንታ ሜዲካል ስኩል መግባት ትፈልጋለች። ኮሌጅ ለተቀበለው ተማሪ የሚልከው የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ በየዓመቱ በብዙ ቤት ስለሚገባ ቁጥሮቹን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። የእነሱንም የግል ዩኒቨርሲቲውንም ስም አላነሣም፤ ቁጥሮቹንም ለንባብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አልተቀበላትም። የተቀበላት ከቤት ራቅ ያለ፣ ማደሪያ የሚያስፈልገው አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው አማራጭ ሰፈራቸው አጠገብ ያለው የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነበር። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ነው። አባትየው የጠራኝ ከዚያ በፊት ደብዳቤውን አብረን እንድናነበው ነበር።

ደብዳቤው

የአንድ ዓመት ጠቅላላ ወጪ፣ ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ ተደምሮ 68,000 ዶላር ይላል። ከሥሩ «የገንዘብ እርዳታ» በሚል አንድ ርእስ አምስት መስመር ተደርድሯል፦ የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ 34,000፣ ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ድጎማ) 2,900፣ የተማሪ የፌዴራል ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ፓረንት ፕላስ 23,100። ድምሩ 68,000። የመጨረሻው መስመር ላይ «ቀሪ ክፍያ፦ 0» ተጽፏል።

አባት ያያት ያቺን ዜሮ ነው። እናት ግን መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየነካች አንድ ጥያቄ ብቻ ደጋገመች፤ «ወንድሜ፣ ይሄ የሚመለስ ነው የማይመለስ?» በዚያ ማታ ከተነገረው ሁሉ ይሄን ጥያቄ የሚያህል አልነበረም። መስመሮቹን በእሷ ጥያቄ ስንለያቸው የማይመለሱት ሁለት ሆኑ፦ ስኮላርሺፑና ፔል፣ በድምሩ 36,900። ወርክ ስተዲው ልጅቷ ሠርታ በየሁለት ሳምንቱ የምትቀበለው ደመወዝ ነው፤ ሥራ ካላገኘች የለም። የቀረው 28,600 ዶላር ብድር ነው። ከዚህ ውስጥ 5,500ው በልጅቷ ስም፣ 23,100ው በአባቷ ስም።

ፔሉ 2,900 የሆነበት ሂሳብ ቀላል ነው። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ስንሞላ ከገቢው፣ ከቤተሰቡ ቁጥርና ከታክሱ ተነሥቶ አንድ መለኪያ ቁጥር ይወጣል፤ የእነሱ 4,495 ነበር። የዓመቱ ከፍተኛ ፔል 7,395 ስለሆነ ልዩነቱ 2,900 ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ከ2024–25 ጀምሮ ቀመሩ በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ኮሌጅ እንደሚገባ አያይም። ሁለተኛው ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ሲገባ የፌዴራል መለኪያው በዚያ ምክንያት ዝቅ አይልላቸውም። ለትልቋ የሚፈረመው ብድር የታናናሾቿንም መንገድ ያጠባል ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ነው መጀመሪያ ዝም ያለችው።

ስኮላርሺፑ ላይ ሁለት ነገር አስተዋልን። አንደኛ፣ እንዳይቋረጥ ጂፒኤዋ (አማካይ ውጤቷ) ከ3.0 በታች መውረድ የለበትም። ለባዮሎጂ ተማሪ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪና ካልኩለስ ሃይስኩል ላይ ኤ ብቻ ያየውን ልጅ ሲ ያሳዩታል። ሁለተኛ፣ 34,000ው ለአራት ዓመት ያው 34,000 ነው፤ የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ከፍ ሲል ጭማሪው ሁሉ የሚያርፈው ፓረንት ፕላስ ላይ ነው።

ፓረንት ፕላስ ምን ዓይነት ብድር ነው?

ሐበሻ ሰፈር ውስጥ ይህ ብድር በደንብ ስለማይታወቅ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። አበዳሪው የፌዴራል መንግሥት ነው። ተበዳሪው ወላጅ ነው፤ ልጁ አይፈርምም፣ በሕግም አይጠየቅም። ልጁ ተመርቆ ጥሩ ደመወዝ ቢያገኝም ብድሩን በመንግሥት በኩል ወደ ስሙ ማዛወር አይቻልም። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ወለዱ 8.94 ከመቶ ነው፤ በዚያው ዓመት በተማሪ ስም የሚወሰደው ብድር ግን 6.39 ከመቶ ነው። ገና ከመሰጠቱ 4.228 ከመቶው ይቆረጣል። ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል፤ ክፍያው ልጁ እስኪመረቅ ቢዘገይም የመጀመሪያው ዓመት 23,100 ብቻውን በየዓመቱ ከ2,000 ዶላር በላይ ወለድ ይጨምራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የአፈቃቀዱ መንገድ ነው። መንግሥት የወላጁን የብድር ታሪክ ያያል፤ ያልተከፈለ፣ ለሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ ወይም የቅርብ ጊዜ መክሰር ካለ ይከለክላል። ገቢውን ግን አይጠይቅም። መኪና ለመግዛት የደመወዝ ወረቀት የሚጠየቅ ሰው በ2025 ከ80,000 ዶላር በላይ ለሚደርስ ዕዳ አንድም የደመወዝ ወረቀት ሳያሳይ ይፈቀድለት ነበር። አባትየው በስልኩ ሞክሮ በደቂቃዎች ውስጥ ተፈቅዶለት ነበር። መፈቀዱን መክፈል እንደሚችል ማረጋገጫ አድርጎ ወሰደው። «መንግሥት ካመነኝ» አለ፤ «እኔ ምን ቤት ነኝ?»

የአራቱን ዓመት ደመርን። በተማሪ ስም የሚፈቀደው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ስለሆነ የልጅቷ ዕዳ 27,000 ይሆናል። የእሷ ከፍ ሲል የአባቷ ትንሽ ይቀንሳል፤ ምንም የክፍያ ጭማሪ ሳይኖር የአባት ድርሻ 87,400 ነው። በአንድ ላይ 114,400 ዶላር። በአሥር ዓመት ሲከፈል፣ በትምህርት ጊዜ የተጠራቀመው ወለድ ሳይገባ፣ የእሷ በወር 305 ዶላር ገደማ፣ የእሱ ከ1,100 በላይ። አባት 55 ዓመቱ ነው። ስትመረቅ 59፣ ከፍሎ ሲጨርስ 69።

መክፈል ቢያቅትስ? የተማሪ ብድር በመክሰር ሕግ በቀላሉ አይሰረዝም። ሕጉ መንግሥት የታክስ ተመላሹን እንዲይዝ፣ ከደመወዙና ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውም እንዲቆርጥ ይፈቅዳል። አባት ወይም ልጅ ቢሞት ብድሩ ይሰረዛል፤ ይህን ስነግራቸው እናት አማተበች።

ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ አልኳቸው። ልጅቷ የእርዳታ ቢሮው እንደገና እንዲያይላት ጻፈች፤ የአባቷ የኡበር ገቢ መቀነሱን በወረቀት አያይዛ። በዓመት 3,000 ዶላር ጨመሩላት። መጠየቅ ዋጋ አለው፤ ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የመጨረሻ ያደርገዋል። የአባት ድርሻ ወደ 75,400፣ ወርሃዊው ወደ 950 ዶላር ወረደ። ከ84,000 ዶላር ገቢ ላይ አሁንም ከባድ ነው፤ ግን የማይቻል አይመስልም፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ደግሞ ለማሰናበት ያስቸግራል።

ስኮርካርዱ የሚያሳየውና የማያሳየው

ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ የራሷን ጥናት ይዛ መጣች። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለው ድረ ገጽ ከ2015 ጀምሮ አለ፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በየትምህርት ክፍሉ ያሳያል። የባዮሎጂ ምሩቃን ምን እንደሚያገኙ፣ ምን ያህል ዕዳ ይዘው እንደሚወጡ ከዚያ ማየት ይቻላል። «ጋሼ፣ እዚህ የሚታየው ዕዳ ሃያ ምናምን ሺህ ነው» አለችኝ። «ከአንድ ዓመት ደመወዝ በታች ነው። ጥሩ አይደል?»

ሰው የሚያውቀው ልማዳዊ መለኪያ አለ፤ ጠቅላላ ዕዳ ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ አይብለጥ የሚል። የእሷ 27,000 ከዚህ መለኪያ በታች ነው። ችግሩ ስኮርካርዱ በተማሪው ዕዳ ሥር የሚያስቀምጠው በተማሪው ስም ያለውን የፌዴራል ብድር ብቻ መሆኑ ነው። የወላጅ ፕላስ በሌላ ቦታ፣ ለብቻው ነው ያለው። በተማሪ ስም የሚፈቀደው ጣሪያ ስላለው ውዱም ርካሹም ትምህርት ቤት በዚያ መስመር ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛው ልዩነት የተከመረው ወላጆች ስም ሥር ነው። ይህን ከማንም በላይ መረዳት ያለበት የእኛ ማኅበረሰብ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ አባቶች ይፈርማሉ። «እኔ የመጣሁት ለእሷ ነው፤ የማልፈርምለት ወረቀት ምን አለ?» አለኝ አባቷ። የሚለውን ከልቡ ነው የሚለው። ሆኖም በዚያው ቤት ውስጥ የእናትየዋ እግር ሕመም ጠንቶ ሥራ መቀነሷን፣ እሱም በሌሊት መንዳት እየከበደው መሆኑን አውቃለሁ።

የገቢው ቁጥርም አነባበብ አለው። ስኮርካርዱ የሚቆጥረው የፌዴራል እርዳታ የወሰዱትን፣ በዚያ ዓመት እየሠሩ ያሉትንና ትምህርት ላይ ያልሆኑትን ነው። ከባዮሎጂ ምሩቃን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውሎ አድሮ ተጨማሪ ዲግሪ ስለሚይዙ፣ ሜዲካል ስኩል ወይም ማስተርስ ላይ ያሉት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ስለዚህ የሚታየው ደመወዝ ሐኪም የሆኑትን አይጨምርም። የሚያሳየው በባችለሩ ብቻ ሥራ የገባውን ነው። ይህ ለውሳኔያችን ጥሩ ነበር፤ እኛ ማወቅ የፈለግነው ሕልሙ ቢዘገይ ምን እንደምትበላ ነበርና።

ወደ ሥራው ዓለም ስንወርድ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው ቁጥር ግልጽ ነው። በሜይ 2024 የባዮሎጂ ቴክኒሺያን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 52,000 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው፤ አዲስ ተመራቂም በአብዛኛው ከታች ነው የሚጀምረው። የክሊኒካል ላቦራቶሪ ባለሙያ 61,890 ነበር። ሬጅስተርድ ነርስ 93,600። ሦስቱም ሥራ በባችለር የሚገባበት ነው። ሁሉም ደግሞ በአንድ ዓይነት የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ትምህርት ይጀምራል፤ ግን በባዮሎጂና በነርሲንግ መካከል በዓመት ከ40,000 ዶላር በላይ ልዩነት አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው የሳይንሱ ክብደት አይደለም፤ አንዱ ፈተናና ፈቃድ ያለው፣ ሆስፒታሉ ያለ እሱ መሥራት የማይችለው ሙያ መሆኑ ነው።

52,000 ሜሪላንድ ውስጥ ለብቻው ለሚኖር ሰው ከፌዴራል፣ ከስቴትና ከካውንቲ ታክስ እንዲሁም ከሶሻል ሴኩሪቲ በኋላ በወር ወደ 3,300 ዶላር ይቀራል፤ ከዚያ ላይ የጤና ኢንሹራንስ ይወርዳል። ልጅቷ ወዲያው «ታዲያ የአባዬን 950 እኔ እከፍላለሁ» አለች። ደመርነው፦ የእሷ 305 እና የእሱ 950፣ 1,255 ዶላር። ከሚገባው ገንዘብ ከሦስት አንድ በላይ። ቤት ኪራይ ሳይነሣ። ደግሞም ሜዲካል ስኩል ከገባች በዚያው ጊዜ ደመወዝ የላትም፤ አባቷ ብቻውን ነው የሚከፍለው።

አንድ ነገር የዚያን ወቅት ስሌት ይበልጥ አጨልሞት ነበር። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሳይንስ ተማሪ ተስፋ የሚያደርግበት ቦታ ይታወቃል፤ ቤቴስዳ ያለው የፌዴራሉ የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች፣ ዋይት ኦክ ያለው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ፣ በሮክቪልና በጌዘርስበርግ መንገድ የተደረደሩት የባዮቴክ ድርጅቶች። በማርች 27 ቀን 2025 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት 10,000 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ከኤፍዲኤ 3,500፣ ከኤንአይኤች 1,200 ገደማ። በኤፕሪል መጀመሪያ ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ሲደርሳቸው እኛ ጠረጴዛው ላይ ነበርን። የአንድ ዓመት ዜና የአራት ዓመት ውሳኔ ላይ መግነን የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ስትመረቅ 2029 ነው። ነገር ግን ልምድ ያላቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ሲፈልጉ የጀማሪው ተራ እንደሚዘገይ መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድና መሰናክሉ

ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ሮክቪል ባለው የሼዲ ግሮቭ ግቢ ሁለት ዓመት። ሼዲ ግሮቭ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ላይ የሚያስተምሩበት ግቢ ነው። የኮሌጅ ፓርኩ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂካል ሳይንስ ትምህርቱን ሦስተኛና አራተኛ ዓመት እዚያ ይሰጣል፤ የሚወጣው ዲግሪ የኮሌጅ ፓርክ ዲግሪ ነው። መጀመሪያ ያልተቀበላት ትምህርት ቤት ዲግሪ በዚህ በር ማግኘት ትችላለች። ወላጆቿ ይህን ፈጽሞ አልሰሙም ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለዚህ ብቻ ጠየቁኝ።

ወጪው ለካውንቲው ነዋሪ በኮሌጁ በዓመት ወደ 6,000 ዶላር፣ በሼዲ ግሮቭ ወደ 12,000 ገደማ ነው። የአራት ዓመቱ 36,000። ቤቷ ስለምትኖር ማደሪያ የለም። ፔሉ እንዲሁ ቢቀጥል 11,600 ይሸፍናል። 24,400 ይቀራል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ 7,500፣ 7,500 ብትበደር ዕዳዋ 15,000 ነው፤ በ2025–26 ወለድ በወር 170 ዶላር ገደማ። የቀረው 9,400 ለአራት ዓመት ሲካፈል በዓመት 2,350 ነው፤ መጽሐፍና ትራንስፖርት ሲጨመርም በትርፍ ሰዓት ሥራና በእናት እቁብ የሚቻል ነው። አባት ምንም አይፈርምም።

በወረቀት ላይ ክርክሩ እዚህ ያበቃ ነበር። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ያቆምኳቸው። በሀገር ደረጃ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጀመሩ ተማሪዎች በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር የሚይዙት ከመቶ 16 ገደማ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያውንም ባችለር ያላሰቡ አሉ፤ ቢሆንም ቁጥሩ ያስፈራል። ርካሽ ትምህርት ካልተጨረሰ ርካሽ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ዕዳም ትልቁ ሳይሆን ዲግሪ የሌለው ዕዳ ነው፤ ጥቂት ሺህ ዶላር ወስደው ያቋረጡ ሰዎች መክፈል ሲያቅታቸው በሰፈራችን አይቻለሁ።

ለምን ይቋረጣል? የሳይንስ ትምህርት ሰንሰለት ነው። አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር ካላለቀ ኦርጋኒክ አይጀመርም፤ ኦርጋኒክ ሁለት ሴሚስተር ነው፤ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለኬሚስትሪ የሚያበቃ የሒሳብ ደረጃ የሌለው ልጅ አንድ ሴሚስተር ተዘገየ ማለት አንድ ዓመት ሊያጣ ይችላል። ሌላው ምክንያት ቤት መሆኑ ነው። ቤት የምትኖር የመጀመሪያ ልጅ፣ በእኛ ልማድ፣ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ እማማን ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ለመጣው ደብዳቤ ሁሉ አስተርጓሚ ናት። ይህን ለወላጆቿ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ርካሹን መንገድ ከመረጣችሁ የእናንተ ክፍያ የእሷን ሰዓት መጠበቅ ነው። እናት ወዲያው ገባት። አባት «እሱማ ምን ችግር አለው» አለ፤ ልጅቷ በዓይኗ ብቻ አየችው።

ስለዚህ መንገዱን በሁኔታ አሰርነው። ከመመዝገቧ በፊት የሒሳብ መመደቢያ ፈተናውን ወስዳ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ መብቃቷን ማረጋገጥ፤ አርትሲስ በተባለው የሜሪላንድ የክሬዲት ማዛወሪያ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ኮርስ በኮሌጅ ፓርክ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማየት፤ ከአማካሪ ጋር የአራቱን ሴሚስተር ዕቅድ በጽሑፍ መያዝ፤ በሳምንት ከ15 ሰዓት በላይ አለመሥራት። የመጨረሻውን የጠየቀችው ራሷ ናት።

ሜዲካል ስኩል

ልጅቷን በእውነት ያስጨነቃት ገንዘቡ አልነበረም። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሄደች ልጅ ሜዲካል ስኩል ይቀበላታል?» የሚል ነበር። ይቀበላሉ፤ ነገር ግን መሠረታዊ ሳይንሶቹን ሁሉ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ብቻ የወሰደን አመልካች አንዳንዶቹ በጥርጣሬ ያዩታል። መልሱ ኋላ ላይ፣ በሼዲ ግሮቭ፣ እንደ ጄኔቲክስና ባዮኬሚስትሪ ያሉ ከበድ ያሉ ኮርሶችን ወስዶ በጥሩ ውጤት ማሳየት ነው። የላብራቶሪ ልምድ በተመለከተ ደግሞ የኮሌጁ የጀርመንታውን ካምፓስ የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት አለው።

በሌላ በኩል ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው በባችለሩ ላይ መቆጠብ ያለበት ከማንም በላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተበድረው ሜዲካል ስኩል የሚጨርሱ ሐኪሞች መካከለኛ ዕዳ 200,000 ዶላር አካባቢ ነው። የባችለሩ ዕዳ በዚያ ላይ የሚጫን እንጂ በዚያ የሚተካ አይደለም። አባቷ «ሐኪም ስትሆን ትከፍለዋለች» ሲል የዘለለው ይህን ነው፤ ሜዲካል ስኩልና ከዚያ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና (ሬዚደንሲ) ዓመታት ሲደመሩ ቢያንስ ሰባት ዓመት የእሱ ፓረንት ፕላስ ብቻውን እየቆጠረ ይጓዛል።

ሜይ 1 ከመድረሱ በፊት የግል ዩኒቨርሲቲውን አመስግና «አልመጣም» ብላ ጻፈች። አለቀሰች። ጓደኞቿ የኮሌጃቸውን ሹራብ ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሷ ሰፈሯ እንደምትቀር መናገር ከብዷት ነበር፤ ይህንን ወላጆች ሊያቃልሉት አይገባም። በቤተ ክርስቲያንም «የት ገባች?» የሚለው ጥያቄ አላቆመም። አባቷ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚመልሰው፤ በኋላ «ኮሌጅ ፓርክ፣ በሼዲ ግሮቭ በኩል» ማለት ጀመረ።

ከውሳኔው በኋላ የተለወጠው

በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ብዙ ነገር ቀየረ፤ ዘንድሮ ለሚወስን ቤተሰብ ከእነሱ ታሪክ የተለየ ስለሆነ መጻፍ አለበት። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ፓረንት ፕላስ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በድምሩ ከ65,000 ዶላር አይበልጥም። ጣሪያ መኖሩ ጥሩ ነው። አደጋው ደብዳቤው ላይ የቀረው ክፍተት በባንክ ብድር እንዲሞላ መገፋፋቱ ነው፤ የባንክ ብድር የመንግሥቱን ያህል እንኳ ርኅራኄ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ወላጅን በዋስትና ያስፈርማል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚወሰድ ፓረንት ፕላስ ደግሞ በገቢ ልክ በሚከፈል ዕቅድ ውስጥ መግባት አይችልም። አባትየው በ2025 የፈረመ ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ዕቅድ ለመግባት ሲሉ ጊዜ እየቆጠሩ ብድሩን ማዋሃድ ውስጥ ይገቡ ነበር።

ለሜዲካል ስኩል ይወሰድ የነበረው ግራድ ፕላስ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። የፌዴራሉ ብድር ለሕክምና ትምህርት በዓመት 50,000፣ በድምሩ 200,000 ላይ ይቆማል። የልጅቷ ስሌት በዚህ ምክንያት ይበልጥ ጠነከረ፤ ከባንክ የሚሞላው ክፍተት ሲመጣ አባቷ ንጹሕ የብድር ታሪክና ዕዳ የሌለበት ስም ይዞ መጠበቁ ዋጋ አለው።

ሕጉ ሌላም ነገር አምጥቷል፤ የምሩቃኑ መካከለኛ ገቢ ሃይስኩል ብቻ ከጨረሰ ሠራተኛ ገቢ በታች የሆነ የባችለር ትምህርት የፌዴራል ብድር የማግኘት መብቱን ሊያጣ ይችላል። አንዳንድ ወላጆች «መንግሥት ካላገደው ጥሩ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። መለኪያው በጣም ዝቅተኛ ነው። የሃይስኩል ደመወዝን በትንሹ ያለፈ ትምህርት 75,000 ዶላር ዕዳ ይሸከማል ማለት አይደለም።

እሷ በ2027 መበደር ስትጀምር አዲሱን በገቢ ልክ የሚከፈል ዕቅድም ታገኛለች። ለእሷ ላይጠቅማት ይችላል፤ 52,000 ገቢ ላይ 5 ከመቶ፣ በወር ወደ 217 ዶላር ይጠይቃል፤ በመደበኛው የአሥር ዓመት ዕቅድ ግን የ15,000 ዕዳዋ 170 አካባቢ ነው። ትንሽ ዕዳ ያለው ሰው ተራውን ዕቅድ ይዞ ቶሎ ቢጨርስ ይሻለዋል።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሳለች። ኬሚስትሪ ቢ፣ ካልኩለስ ቢ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ኤ። በጎን ፋርማሲ ውስጥ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው አሁን አባቷ ነው፤ ለዚህ የሥራ ፈረቃውን ቀይሯል። የሚቀረው ትልቅ ውሳኔ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ሼዲ ግሮቭ ውስጥ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር የነርሲንግ ትምህርትም አለ፤ እናቷ ያንን ትመርጣለች፣ 93,600ን አልረሳችም። ልጅቷ ባዮሎጂውን ነው የምትለው። ሁለቱንም በር ክፍት ለማድረግ በመጪው ዓመት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂም ትጨምራለች፤ ሁለቱ ኮርሶች ለነርሲንግ ማመልከቻ ይጠየቃሉ። የሚቀጥለውን ዓመት ፋፍሳ ሞልተው አስገብተዋል፤ የአባቷ የኡበር ገቢ ስለቀነሰ መለኪያ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ፔሉ ትንሽ ከፍ ይላል ብለን እንጠብቃለን።